ጭሱ ላይ የተደፋ አክንባሎ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኅዳር 12 ቀን ጎሕ ሲቀድ ደብረ ማርቆስ ከሚገኘው ቤቴ ደጃፍ ቆሜ ለ«ኅዳር ሲታጠን» ከሚቃጠለው ቆሻሻ የሚወጣውን ጭስ አየሁት። ወደ ሰማይ አልወጣም፤ ከጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ ጋቢ ተዘረጋ። ማታ ያሰጣሁት ነጠላ እስከ ዛሬ ፌስታል ፌስታል ይሸታል።

ነገሩ የጭሱ ብዛት ብቻ አይደለም። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ሙቀቷን ትለቅና ከሥር ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ አክንባሎ ይደፋበታል፤ ነፋስ ከሌለ ጭሱ መውጫ የለውም። ለንደን በ1945 ዓ.ም.፣ በዚሁ በኅዳር ማብቂያ፣ በከሰል ጭስ አምስት ቀን ታፍና በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለቀባት እንዲህ ባለ አየር ነው።

«ኅዳር ሲታጠን» ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጋር የሚያያዝ ልማድ ነውና ይቅር አልልም (ብልስ እናቴ መቼ ትሰማኛለች!)። ያኔ ግን ፌስታል አልነበረም። እሱ ተለይቶ ይቀመጥ። ቅጠሉና ገለባው ደግሞ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ወዲያ ቢለኮስ ምን ይጎድላል?

አንድ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ