አጣናው ከመተከሉ በፊት ሜዳው ይለካ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በዓል በተቃረበ ቁጥር በአዲስ አበባ ወረዳዎች አንድ ክርክር ይነሳል፤ የሠፈሩ ሜዳ ለባዛር ይሰጥ ወይስ አይሰጥ? አንዱ ወገን ነጋዴው ገበያ ያገኛል፣ ወረዳውም ገቢ ይሰበስባል ይላል። ሌላው ደግሞ ልጆቻችን የት ሄደው ይጫወቱ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የሚያሳዝነው ሰዓቱ ሁሉ በኪራይ ዋጋ ላይ ሲያልቅ፣ ባዛሩ ሲነቀል ሜዳው በምን ሁኔታ እንደሚመለስና በማን ወጪ እንደሚመለስ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው። ሜዳዎቻችን የሚበላሹት በዚህ ምክንያት ነው።

ከአፈሩ ልጀምር። በከተማችን በተለይ ሜዳማ በሆኑት የደቡብና የምሥራቅ ሠፈሮች በብዛት ያለው አፈር ኮትቻ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የእንቁጣጣሽ ባዛር ዕቃ የሚገባው ደግሞ ነሐሴ ውስጥ፣ አፈሩ ውሃ በጠገበበት ሰዓት ነው። 40 ኩንታል የጫነ አይሱዙ አንድ ጊዜ ገብቶ ሲወጣ ጎማው የሄደበት ይሰምጣል፤ ጥቅምት ላይ ያ ቦይ ደርቆ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። የታመቀው አፈር ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም፤ በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ቦታ ላይ ኩሬ ይሠራል፣ ሣሩም ተመልሶ አይበቅልበትም።

ጭቃው ሲያስቸግር አዘጋጆች የሚያመጡት መፍትሔ ገረጋንቲ፣ ማለትም ጠጠር የበዛበት የመሙያ አፈር ነው። ከጭቃው በላይ ሜዳውን የሚጎዳው ይህ ነው። አንድ መደበኛ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር፣ ማለትም 7,140 ካሬ ሜትር ነው። ግማሹ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገረጋንቲ ቢደፋ 350 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 22 ምልልስ ነው። ሲገባ በሁለት ቀን ይገባል። ሲወጣ ግን በሰው እግርና በጎማ ተረግጦ ከኮትቻው ጋር ተለውሷል፤ በአካፋ ሊለይ አይችልም፣ በዶዘር ሲጠረግም የላዩን ለም አፈር ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ በዚያ ሜዳ ላይ የወደቀ ልጅ ጉልበቱን ጠጠር ይልጠዋል። ገረጋንቲ መደፋት ካለበት በመተላለፊያው ላይ ብቻ፣ ከሥሩ ወፍራም ሸራ ተነጥፎ መሆን አለበት፤ ያኔ ሲነሳ ከነሸራው ይነሳል።

ሁለተኛው ጉዳት የአጣናው ጉድጓድ ነው። 3 በ3 ሜትር የሆኑ 100 ሱቆች በአራት ረድፍ ቢደረደሩ፣ በአንድ ረድፍ 25 ሱቅ 52 ቋሚ ይፈልጋል። በጠቅላላው 208 ጉድጓድ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይቆፈራል። ባዛሩ ሲያበቃ አጣናው ይነቀላል፣ አፈር በእግር ገፋ ገፋ ይደረግበታል፣ ከላይ ሲያዩት ሜዳው ደህና ይመስላል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ይሰጥማል፤ የሚሮጥ ልጅ ቁርጭምጭሚት የሚገባውም እዚያ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ በትክክል የሚደፈነው በየ15 ሳንቲ ሜትሩ አፈር እየጨመሩ፣ ጥቂት ውሃ እያርከፈከፉና በመጠቅጠቂያ እየመቱ ነው። ከዚህም የሚሻለው ጨርሶ አለመቆፈር ነው። የብረት ቱቦ ድንኳን እግሩ ላይ ሰፊ ላሜራ ተበይዶለት አሸዋ በተሞላ ማዳበሪያ ቢያዝ ነፋስ አይጥለውም። አዘጋጁ አጣና የሚመርጠው ስለሚረክስለት ነው፤ ልዩነቱን የሚከፍለው ሠፈሩ ነው።

እኔ ባዛር ይከልከል አልልም። በዓል ሲደርስ ሽንኩርቱንና ቅቤውን በተሻለ ዋጋ የሚያገኝ ቤተሰብ፣ ዓመት የሠራውን የሚሸጥ የጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበር አለ። የምለው ወቅት ይለይ ነው። የገና ባዛር በደረቅ ወራት ስለሚውል በጥብቅ ውል ሜዳ ላይ ሊፈቀድ ይችላል። የእንቁጣጣሹ ግን በፍጹም ሣር ወይም አፈር ላይ መግባት የለበትም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ሜዳውን ከመቼውም በላይ የሚፈልጉትም በዚያው ሰሞን ነው። ባዛሩ 20 ቀን ነው ቢባል እንኳ መትከያውና መንቀያው ሲጨመር ከወር ያልፋል። የእሁድ ገበያዎች አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ተዘርግተው ማታውኑ እንደሚነሱ እያየን፣ ጠንካራ ወለል ያለው ቦታ የለም ብሎ መከራከር አያስኬድም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ፦ ኤግዚቢሽን ማዕከል የበዓል ባዛሮችን ለዓመታት በጨረታ ሲሰጥ ኖሯል። የወረዳ ሜዳ በደብዳቤ ብቻ የሚሰጥበት ምክንያት ምንድን ነው? አንድ ሱቅ 20,000 ብር ቢከራይ 100 ሱቅ 2 ሚሊዮን ብር ያስገባል፤ ከዚህ ውስጥ ለሜዳው የሚመለሰው ስንት እንደሆነ ውሉ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነዋሪው ማንበብ አለበት።

እሳትና ድምፅም ከውሉ ውጪ ሊቀሩ አይገባም። በረድፎች መካከል የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት 4 ሜትር ክፍት ይተው፤ በሲሊንደር ጋዝ የሚያበስሉት ከፕላስቲክ ሸራው ረድፍ ተለይተው በአንድ ዳር ይሁኑ፤ እያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ኬብል እርጥብ መሬት ላይ አይጎተት። የመኖሪያ ሠፈር የድምፅ ጣሪያ በአገራችን መለኪያ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። ወደ መኖሪያ ቤት የዞረ ትልቅ ስፒከር ይህን ማለፉን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም።

ወረዳው ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የሚያስፈልገው ሥራ የግማሽ ቀን ነው። የወረዳው መሐንዲስ፣ የአዘጋጁ ተወካይና ከነዋሪው የተመረጡ ሁለት ሰዎች ሜዳውን አብረው ይዙሩ፤ በየ10 ሜትሩ ፎቶ ይነሳ፤ የመሬቱ ከፍታ በሌቭል፣ በቀያሾች የከፍታ መለኪያ መሣሪያ፣ ይለካ፤ ሁሉም ይፈርሙ። የማስተካከያው ወጪ ተገምቶ ገንዘቡ አስቀድሞ ከአዘጋጁ በማስያዣነት ተወስዶ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ። ርክክቡ ድንኳኑ በተነሳ ማግሥት ከተፈጸመ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ በዚያን ቀን ጉድጓዱ ሁሉ የተደፈነ ይመስላልና። መጀመሪያ ማግኔት ተጎትቶ ምስማሩ ይለቀም። ከዚያ በደረቅ ወር ከሆነ ቦቴ መጥቶ የአጣናው ቦታ በሙሉ ውሃ ይጠጣ፣ ከሳምንት በኋላ የሰጠመው እንደገና ይሞላ። ማስያዣው የሚለቀቀው ሁለተኛው ልኬት ከመጀመሪያው ጋር ተገናዝቦ ያ ፊርማ በድጋሚ ሲፈረም ብቻ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ