ውሃ በግራናይት ውስጥ እንዴት ይሄዳል?

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣ ሐረር

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ። የድሬዳዋ ሙቀት ብቻ ነው የሚያስቸግረው።

ባለፈው «ጠጣር ድንጋይ ውስጥ ውሃ እንዴት ይሄዳል?» ብለው ሲጠይቁኝ ስልኩ ተቋረጠ። ድንጋይ ጠርበው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና በደንብ ላስረዳዎ።

የባቢሌን ግራናይት ያውቁታል። ድንጋዩ ራሱ ውሃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። እርስዎ ሲፈልጡት ስንጥቁን ይከተሉ እንደነበረ ሁሉ፣ ውሃም የሚሄደው በስንጥቁ ነው።

በፈረንሳይ፣ አልዛስ ውስጥ፣ ሱልትዝ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ግራናይቱን እስከ 5 ኪሎ ሜትር ቆፈሩት። ታች ሙቀቱ 200 ዲግሪ ገደማ ነው። በአንድ ጉድጓድ ውሃ ያስገባሉ፤ ውሃው በስንጥቁ ሲያልፍ ይግላል፤ በሌላ ጉድጓድ ያወጡትና በሙቀቱ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ።

እኔን የገረመኝ የውሃው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ፍሎረሲን የሚባል አረንጓዴ ቀለም፣ 150 ኪሎ ያህል፣ እዚያው ካሉት ሦስት ጉድጓዶች በመካከለኛው ጨመሩ። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ጉድጓዶች ታች ላይ ከመካከለኛው ያላቸው ርቀት ብዙም አይለያይም። ግን ቀለሙ በአንዱ በ4 ቀን ገደማ ብቅ ሲል በሌላው ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀ። በአምስት ወር ውስጥ ሩብ ያህሉ በመጀመሪያው ወጣ። በሁለተኛው የወጣው ከመቶ 2 እጅ ገደማ ብቻ ነው!

የቀረውስ? እዚያ ታች ድሮም የነበረ ውሃ አለ። በአንድ ሊትር 100 ግራም ገደማ ጨው የያዘ ነው። ቀለሙ ከእሱ ጋር ተቀላቅሎ በሰፊው የስንጥቅ መረብ ውስጥ ቀረ። የሚወጣውም ውሃ አብዛኛው የምድሩ የራሱ እንጂ ያስገቡት አይደለም። ስለዚህ ጉድጓዶቹን አቀራርቦ መቆፈር ብቻውን አያዋጣም። የትኛው ስንጥቅ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ማወቅ ይጠይቃል።

አደጋም አለው። ስንጥቁን ለማስፋት ውሃ በኃይል ሲገፋ መሬት ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 መጠኑ 3.4 የሆነ መንቀጥቀጥ ተነስቶ ሥራው ቆመ።

«ታዲያ የእኛ ባቢሌስ?» ማለትዎ አይቀርም። ግራናይት ስላለ ብቻ አይሆንም፣ አባባ። ሙቀቱ ተቆፍሮ በሚደረስበት ጥልቀት መገኘት አለበት። በአገራችን ሙቀቱ ለምድር ገጽ ቅርብ የሆነው በስምጥ ሸለቆው ነው፤ አሉቶ ላንጋኖ ላይ እንፋሎቱ የሚወጣው ከእሳተ ገሞራ ሥር ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ እዚያ እቆፍራለሁ።

መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ፣ አደራ። ሌላ ጥያቄ ካለዎት ማታ ማታ ይደውሉልኝ፤ ኔትወርኩ ያኔ ይሻላል።

አክባሪ ልጅዎ