መጥረጊያው ከመነሳቱ በፊት ውሃ ይረጭ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ፣ ከሐውልቱ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ሰሞኑን አንድ ደንበኛዬ የሪያድን የአቧራ ማዕበል ቪዲዮ በስልኩ አሳየኝ። ከተማው ብርቱካን መስሏል። «ሲያምር!» አለ። እኔን ግን ሳል ያዘኝ። ቪዲዮ አይቶ የሚያስል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ሪያድ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። እዚያ አቧራውን «ጉባር» ይሉታል። ጉባር ሲመጣ ማዳም ልጆቿን ይዛ ውስጠኛው ክፍል ትገባና በሩን ትዘጋለች። እኔ ፎጣ በውሃ ነክሬ በየበሩ ስር እወትፋለሁ። እንዲያም ሆኖ ይገባል፤ በየት እንደሚገባ እንጃለት። ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ብርጭቆ ላይ በጣቴ መስመር አሰምር ነበር። እንደ ሽሮ የላመ ነው፣ ጥርስ መሀል ሲገባ ግን ይንቀጫቀጫል። ነፋሱ ሲቆም ሰው ሁሉ እፎይ ይላል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ግቢውን በደረቅ መጥረጊያ ስጠርግ ያረፈው ሁሉ ተመልሶ ይነሳል። አፌን በሻሽ አስሬ እውላለሁ። ማታ ስናፈጥ (ይቅርታ ይደረግልኝ) የሚወጣው ቡናማ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ሌሊት ሌሊት ደረቴ ያፏጭ ጀመር። አስም መሆኑን ያወቅሁት አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው። ይኸው ፓፌ (በአፍ የምስበው የአስም መድኃኒት) ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ ተቀምጧል።

ያከመችኝ ሐኪም ከራሷ አንድ ዘለላ ፀጉር ነቅላ አሳየችኝ። ውፍረቱ 70 ማይክሮን ገደማ ነው አለችኝ፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ትልልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ያስቀሩታል። ከ10 ማይክሮን ያነሰው ወደ ሳንባ ይወርዳል። ከ2.5 በታች የሆነው ደግሞ የሳንባን ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ይደርስባቸዋል። ሻሼ ያስቀረልኝ በዓይን የሚታየውን ብቻ ነበር ማለት ነው። ደቃቁ አቧራ አስም ያለበትን ያፍነዋል፣ የልብ ሕመምተኛን ያዳክማል፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎችም አይችሉትም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኢራቅን በመታት አንድ ማዕበል ብቻ ከ5 ሺህ በላይ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ሕክምና ፈልጓል። እዚሁ እኛም ጋ ቢሆን ማጅራት ገትር የሚበረታው በደረቁና አቧራማው ወቅት ነው። የበሽታው ቀበቶ የሚባለው አካባቢ ከሴኔጋል ተነስቶ ኢትዮጵያ ድረስ ይዘልቃል።

ይህን ሁሉ ለደንበኛዬ ስነግረው «እሱ የበረሃ ጣጣ ነው፣ እኛ ደጋ ላይ ነን» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የአራት ኪሎ አቧራ የሪያድን አያህልም። ግን በበጋ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መጥቶ መንገዱን ይይ። እኔ ከሰል ሳቀጣጥል ጠራጊዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ደረቅ መጥረጊያ፣ ደረቅ አስፋልት። በመንገዱ መብራት ስር አቧራው እንደ ጢስ ይጎናል። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ አስረዋል። ራሴን ያየሁ ይመስለኛል።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከመጠረጉ በፊት ውሃ ይረጭ። «ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም። የመንገድ ዳሩን አበባና ሣር የሚያጠጣው ቦቴ እኮ በፊቴ ነው የሚያልፈው! ለሣሩ ከተገኘ ለአስፋልቱ ትንሽ ቢያካፍሉት ምን ይላቸዋል? ለጠራጊዎቹም ኤን 95 የሚባለው ማስክ ይታደላቸው። ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ከደቃቁ ብናኝ 95 ከመቶውን ያስቀራል። በኮሮና ጊዜ ማስክ ለሁላችንም ተገኝቶ ነበር።

ከጠራጊዎቹ አንዷ ሥራ ስትጨርስ እኔ ጋ መጥታ አቦል ትጠጣለች። ባለፈው ሰኞ ከፋርማሲ አንድ ገዝቼ ሰጠኋት። መጀመሪያ «ያፍነኛል» ብላ ሳቀችብኝ። ሐሙስ ጠዋት አውልቃ በርጩማው ላይ አስቀመጠችው። ውጪው ቡናማ ሆኗል። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። ከዚያ «አንድ ሌላ ይኖርሻል?» አለችኝ።

ከአራት ኪሎ ቡና ሻጯ