የፓወር መምህር ሰብስቴሽን ይግባ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ መብራት መጥፋት ብዙ ደብዳቤ እንደሚደርሳችሁ አውቃለሁ። የእኔም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ብቻ እኔ የማነሳው ስለ መምህሩ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ምህንድስና አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ አንድ ሰብስቴሽን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ሄጄ ነበር። ተረኛው ኦፕሬተር ደግ ሰው ነው። ሁሉን ካስጎበኘን በኋላ አንድ ሪሌይ አሳየኝ፤ ሪሌይ መስመር ላይ ብልሽት ሲያይ ኃይል እንዲቋረጥ የሚያዝ የጥበቃ መሣሪያ ነው፣ መቼ እንደሚያዝ የሚወስነው ሴቲንጉ ነው። “መምህር፣ ይቺ ያለ ምክንያት መስመር እየጣለችብን ተቸግረናል። ሴቲንጓን ቢያዩልን” አለኝ። ስለ ሪሌይ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ቀመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ያቺን ዕቃ ግን አንድም ቀን በእጄ ነክቻት አላውቅም። ተማሪዎቼ እያዩኝ “እስቲ አጥንቼ ልመለስ” አልኩት። ለመመለስ ሌላ የፈቃድ ደብዳቤ አስፈለገ። ደብዳቤው እስኪመጣ ሴሚስተሩ አለቀ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ይህን እንዳውቅ የጠየቀኝ የለም። እኔም በሩን አላንኳኳሁም።

አንባቢ ላያውቀው የሚችል አንድ ነገር ልንገራችሁ። የማስተርስ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ደጋግመው የሚጠቀሙበት “አይ ትሪፕል ኢ 14 ባስ” የሚባል የሙከራ ኔትወርክ፣ ማለትም ለስሌት መለማመጃ የሚሆን የኤሌክትሪክ መረብ ሞዴል፣ አለ። የተወሰደው ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ መረብ ነው፤ መረቡ እ.ኤ.አ. በ1962 የነበረውን መልክ ያሳያል። ዘዴውን ለመለማመድ ጥሩ ነው፣ መላው ዓለም ይጠቀምበታል። ግን እኛ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርስ ባለ 500 ኪሎ ቮልት የዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) መስመር አለን። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እንዲህ ያለ መረብ ባለበት አገር ተማሪው ስድሳ ዓመት ያለፈው የአሜሪካ ኔትወርክ ላይ ሲደክም ማየት ያመኛል።

ሰንፎ አይደለም። ዳታ የሚሰጠው ስላጣ ነው። አንድ ተማሪዬ የአንዲት ፊደር (ከሰብስቴሽን ወደ ሰፈር የሚወጣ መስመር) የጭነት መዝገብ ለማግኘት አራት ወር ደጅ ጠንቷል። ደብዳቤ ጻፍንለት፣ ማህተም አስመታንለት። “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው”፣ “ሰኞ ና” ሲሉት ከርመው በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ወደ 14 ባስ ተመለሰ። የደህንነት ስጋት እንዳለ ይገባኛል። መረጃው ዝም ብሎ ይበተን አልልም። የጣቢያውን ስም ማውጣት፣ የምስጢር ውል ማስፈረም ይቻላል።

መረባችን የራሱ ጠባይ አለው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በአንድ ፌዝ (ከሰፈር ትራንስፎርመር ከሚወጡት ሦስት መስመሮች በአንዱ) ላይ ያሉ ሦስት ቤቶች እኩል እንጀራ ከጋገሩ 10 ኪሎ ዋት ገደማ ሆነ ማለት ነው። የበዓል ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይጋግራል። ይህን እኔ ያነበብኩት የውጭ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም። አንድ ጊዜ አራት ተመራቂዎቼ ከአንድ የጥገና ሠራተኛ ጋር ሆነው የሰፈራቸውን ትራንስፎርመር በክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን አቅፎ ጅረት በሚለካ መሣሪያ፣ ለካ ለካ አደረጉ። አንዱ ፌዝ ተጨናንቋል፣ ሌላው ዘና ብሏል። ሠራተኛው ጥቂት ቤቶችን ወደ ቀለለው ፌዝ አዛወረ። እየቆየ ይቃጠል የነበረው ፊውዝ ከዚያ ወዲህ እረፍት አገኘ። “እኔ ይሄን በልምድ እጠረጥረው ነበር፣ እናንተ በቁጥር አሳያችሁኝ” አላቸው። ልጆቹ ከዚያን ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ የሚጠይቁት ጥያቄ ተለወጠ።

በትልልቅ ሥራም አይተነዋል። አዳማ ላይ የቆሙት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት፣ በቻይና ኩባንያዎች ሲሠሩ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአማካሪነት ገብተው ነበር። ዲዛይን መርምረዋል፣ ሥራ ተቆጣጥረዋል። አማካሪነቱ ለውጭ ድርጅት ቢሰጥ ኖሮ እውቀቱም አብሮ ይሄድ ነበር። ታዲያ ይህ ለምን የዘወትር አሠራር አልሆነም?

አንዱ ምክንያት እኛው ጋ ነው። የማዕረግ እድገት ስንጠይቅ ሚዛን የሚደፋው ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው። ማንም የማያነበውን ጽሑፍ ለማሳተም ዓመት የሚደክም ባልደረባ አውቃለሁ። ሦስት ወር ሰብስቴሽን ውሎ የጥበቃ ሴቲንግ ቢያስተካክል ግን ነጥቡ ከቁጥር አይገባም። መሐንዲሶቹም በበኩላቸው “የወረቀት ሰዎች” ይሉናል። አልፈርድባቸውም፤ የምንመጣው ተማሪ ለማስጎብኘት ወይም መጠይቅ ለማስሞላት ብቻ ነው።

ተማሪ አንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕ ይወጣል። መምህሩስ? የፓወር መምህር በየአራት ዓመቱ አንድ ሴሚስተር ማመንጫ፣ ሰብስቴሽን ወይም የጥገና ክፍል ውስጥ ይዋል ነው የምለው። ደመወዙን ዩኒቨርሲቲው ይክፈል፣ ሥራውን ተቋሙ ያሳየው፣ የሠራው ሥራ ሪፖርት ደግሞ እንደ ታተመ ጽሑፍ ይቆጠርለት። በእሱ ፈንታ ሃያና ሠላሳ ዓመት መስመር ላይ የኖረ መሐንዲስ መጥቶ ክፍሉን ይያዝ። ስለ ብልሽት የሚያወራው አንድ ሰዓት የእኔን የሦስት ሳምንት ስላይድ ያህላል።

እኔ የበኩሌን ጀምሬያለሁ። የዘንድሮ ክረምት እረፍቴን ያቺ ሪሌይ ያለችበት ጣቢያ ከጥገና ቡድኑ ጋር ለማሳለፍ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ክፍያ አልጠየቅኩም፣ ሄልሜቱንም ራሴ ገዝቻለሁ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኤሌክትሪክ ኃይል ምህንድስና መምህር