የቆመው ማመልከቻችሁ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ምን ይሆናል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ አንስታችሁልናል። «የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻህ ለጊዜው ቆሟል ተብያለሁ፤ ታዲያ ምን ያስቸኩለኛል?» የሚል። ያስቸኩላል እንጂ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ማመልከቻው ሲቆም የሚቆመው የመሥሪያ ቤቱ ሰዓት ነው፣ የእናንተ አይደለም። ለምሳሌ ውሳኔ መስጫ 60 ቀን ያለው መሥሪያ ቤት 40ውን ከጨረሰ በኋላ የጎደለ ሰነድ ቢጠይቃችሁ፣ የቀሩት 20 ቀናት ባሉበት ይጠብቁታል፤ ሰነዱ ሲገባ በአብዛኛው ካቆመበት ይቀጥላል። እናንተ መልስ እንድትሰጡ የተቆረጠው ቀን ግን ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ተኝቶም ቢሆን ይቆጥራል። ራሳችሁ ጠይቃችሁ ያቆማችሁትም ቢሆን ብዙ ጊዜ የጊዜ ገደብ አለው።

ቀኑ ካለፈስ? ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዳንድ ቦታ ማመልከቻው እንደተተወ ተቆጥሮ ፋይሉ ይዘጋል። ሌላ ቦታ በእጅ ባለው ሰነድ ይወሰናል፤ የጎደለው ዋናው ሰነድ ከሆነ ደግሞ ውሳኔው ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ሁለቱም ያው «አልሆነም» ይመስላሉ፣ ግን ልዩነት አላቸው። የተከለከለ ሰው በእጁ ውሳኔ ስላለ ይግባኝ የሚልበት መንገድ ሊኖረው ይችላል። ፋይሉ ዝም ብሎ የተዘጋበት ግን ብዙ ጊዜ ይግባኝ የሚልበት ውሳኔ እንኳ የለውም፣ እንደገና ማመልከት ነው።

እንደገና ማመልከት ክፍያውን ደግሞ መክፈል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጨቀጨቅናችሁ። የሚያመው ሌላ ነው። አዲስ ማመልከቻ በአብዛኛው የሚታየው በአዲሱ ጊዜ ባለው ደንብ ነው፤ በመሃል የሕንፃ ከፍታው፣ ከወሰን የሚለቀቀው ርቀት ወይም የመኪና ማቆሚያው ብዛት ከተቀየረ፣ አምና ያልፍ የነበረ ፕላን ዘንድሮ ተመልሶ ዲዛይን ክፍል ይገባል።

ማራዘሚያ የሚጠየቀው ቀኑ ሳያልፍ፣ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ነው። ካለፈ በኋላ ኃላፊው ሊረዳችሁ ቢፈልግ እንኳ ሥልጣኑ ላይኖረው ይችላል። «ደውዬ እሺ ብለውኛል» ማራዘሚያ አይደለም፤ የጽሑፍ መልስ ያዙ። ከሰነዶቹ አንዱ ብቻ ከዘገየ ደግሞ የተሟሉትን አስገቡና የቀረው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደርስ በደብዳቤ ግለጹ። ባዶ እጅ ከመቅረት ይሻላል።

አቆጣጠሩንም አጣሩ። የሥራ ቀን ነው ወይስ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል? ከደብዳቤው ቀን ነው ወይስ ከደረሳችሁበት? እኛው ራሳችን በአንድ ፋይል የሥራ ቀን መስሎን ተዝናንተን ቆይተን፣ በመጨረሻዋ ቀን እያለከለክን ነው ያስገባነው።

እና እባካችሁ፣ የቆመ ማመልከቻ ፈቃድ አይደለም። «እስኪያልቅ መሠረቱን ላስቆፍር» እንዳትሉ።

የቆመ ፋይል ያላችሁ ሁሉ የደብዳቤውን ፎቶ በዚህ ሳምንት ላኩልን፣ ቀኑን እኛ እንቆጥርላችኋለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የፈቃድ ጉዳይ ክፍላችን