ድሮናችን ከእንግዳው አናት በላይ የማይበረው ለምንድን ነው?

ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የጥር ሰርግ ደረሰ። የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮአችን ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዘንድሮ ግን ብዙዎቻችሁ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ድሮን አላችሁ ወይ?» ትሉናላችሁ። አለን። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፦ «እንግዳው ሲጨፍር ከአናቱ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀርጻል አይደል?»

አይቀርጽም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሙሽራ አባት ስቱዲዮ ድረስ መጡ። «ጎረቤቴ ልጁን ሲድር እኮ የሴቶቹን ነጠላ እስኪያነሣ ወርዶ ነው የቀረጸው። እናንተ ምን ሆናችሁ ነው?» አሉን። ቡና አስፈልተን፣ ወረቀት ላይ እየሣልን አስረዳናቸው። ተስማምተን ተለያየን። ለእያንዳንዳችሁ ቡና እያፈላን ማስረዳት ስለማንችል ግን ነገሩን እንዲህ በደብዳቤ ጽፈነዋል።

መጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እናውራ። ከእንግዳ አናት ላይ መቅረጹን እኛም እንሠራው ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መልስ ላይ ሪሞቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ግቢው ጢም ብሎ ሞልቷል። ጭፈራው ደምቋል። ድሮኑ ባትሪው እያለቀ መሆኑን በጩኸት ነገረኝ። እኔም «አንድ ዙር ብቻ» ብዬ ችላ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ወደ ተነሣበት መመለስ ጀመረ። እነዚህ መሣሪያዎች ሲመለሱ በመጀመሪያ አስቀድሞ የተሞላላቸው ከፍታ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ያንን ከፍታ 20 ሜትር ያደረግኩት በፊተኛው ቀን ሜዳ ላይ ስንሠራ ነበር። የጎረቤት ባሕር ዛፍ ከ20 ሜትር እንደሚበልጥ ልብ አላልኩም።

ቅርንጫፍ መታ። ከዚያ እንደ ድንጋይ ወረደ። ጥግ ላይ ወንበር ይዘው ከተቀመጡ አንዲት እናት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ወደቀ። እናትየዋ «በስመ አብ!» ብለው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ሰዉ ሳቀ። ዲጄው ሙዚቃውን ከፍ አደረገው፤ ጭፈራው ቀጠለ። ቪዲዮው ላይ ይህ የለም፤ ቆርጠን አውጥተነዋል። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁ። የእኛ ድሮን 900 ግራም ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር አይሞላም። ነገር ግን ከ30 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ፣ አየሩ የሚይዘውን ትተን ስናሰላው፣ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ባጃጅ እንኳ እንዲህ አይበርም። በዚህ ላይ አራት የሚሽከረከሩ ፕሮፔለሮች አሉት።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዙት ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ ባዋሉት ደንብ ከሰው በላይ የሚበሩ ድሮኖችን በአራት መደብ ከፍለዋቸዋል። የመጀመሪያው መደብ ከ250 ግራም የማይበልጡትን ይመለከታል። እነሱም ቢሆኑ ቆዳ የሚቆርጥ የተጋለጠ ፕሮፔለር ሊኖራቸው አይገባም። ሁለተኛው መደብ የሚለካው ሰውን ቢመቱ በሚያደርሱት ጉዳት ነው። ወሰኑ በእኛ መለኪያ 15 ጁል አካባቢ ነው። ይህ ማለት አንድ ኪሎ ተኩል የሆነ ድንጋይ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያለው ጉልበት ነው። የእኛ 900 ግራም ከ30 ሜትር ሲወድቅ ስንት ነው? ወደ 265 ጁል። እርግጥ ድሮን ሲጋጭ ይሰባበራል፣ ይታጠፋል፤ ጉልበቱ ሁሉ ሰውዬው ላይ አያርፍም። ቢሆንም ልዩነቱን ተመልከቱት።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን የአውሮፓው ደንብ ነው። እዚያ በተራ የበረራ ምድብ ውስጥ ያለ ድሮን ሕዝብ ከተሰበሰበበት በላይ ጨርሶ አይበርም። ሕዝብ ማለት 50 ሰው ነው ወይስ 500? ደንቡ ቁጥር አላስቀመጠም። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ድሮኑ ቢወድቅ ሰዎቹ መሸሽ ይችላሉ ወይ? ተጠጋግተው ከመቆማቸው የተነሣ መንቀሳቀስ ካልቻሉ፣ ያ ሕዝብ ነው። እንግዲህ የእኛን ሰርግ አስቡት። ድንኳን፣ ወንበር በወንበር ላይ፣ አንዱ ሳህን ይዟል፣ ሌላዋ ልጅ ታቅፋለች። ወዴት ይሸሻሉ?

ደንቡ ሌላም የወደድኩት ነገር አለው። ሰዎችን የበረራው ተሳታፊ የሆኑና ያልሆኑ ብሎ ይለያል። ተሳታፊ ማለት ፈቅዶ የገባ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት የተነገረው፣ ዓይኑንም ድሮኑ ላይ ያደረገ ሰው ነው። ሰርግ ተጠርቶ ጥብስ የሚበላ እንግዳ ተሳታፊ አይደለም። እሱ ድሮን መምጣቱንም አያውቅም። ፍቅር ሐይቅ ዳር ለፎቶ የቆሙት ሙሽሮችና ሚዜዎች ግን ተሳታፊ ናቸው። አስቀድመን እንነግራቸዋለን። «እጄን ሳነሣ ወደዚህ ሩጡ» ብለን እንለማመዳለን። ሠርገኛው ጋ «አይሆንም» ያልነው፣ ሐይቁ ዳር ቀረብ ብለን የምንቀርጸው ለዚህ ነው። አንዳንዶቻችሁ «እዚያ ሆነ፣ እዚህ ምነው እምቢ?» ብላችሁናል። መልሱ ይኸው ነው።

አደጋ የሚደርሰው ጀማሪ ሲያበር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ጣሊያን ውስጥ በበረዶ ሸርተቴ ውድድር ላይ ለቴሌቪዥን የሚቀርጽ ትልቅ ድሮን ወድቆ፣ ማርሴል ሂርሸር ከተባለው ኦስትሪያዊ ሻምፒዮን ጀርባ በትንሽ ርቀት ላይ ተከሰከሰ። በዚያው ዓመት ዘፋኙ ኤንሪኬ ኢግሌሲያስ ሜክሲኮ ውስጥ መድረክ ላይ ሳለ ድሮን በእጁ ሊይዝ ሲል ጣቶቹ ክፉኛ ቆሰሉ። ይህኛው እኛንም ይመለከታል። ድሮን ዝቅ ሲል ልጆች እየዘለሉ ለመያዝ ይሞክራሉ። አንዳንዴ ሚዜዎችም።

እነዚህ የሌላ አገር ደንቦች ናቸው። የእኛ አገር ሕግ የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ከመሣሪያው። ድሮን ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። በተለምዶ «ኢንሳ» የምንለው ማለት ነው። የአየር ክልሉን በተመለከተ ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አለ። ስለዚህ «ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልኝ ይመጣል፤ እናንተ ብቻ አብሩልኝ» የምትሉን ደንበኞች፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፈቃድ ያልተያዘለት ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ሰውዬው ለሰርግ መጥቶ እረፍቱን በደጅ ጥናት ይጨርሰዋል። «ከ250 ግራም በታች ስለሆነ ፈቃድ አይፈልግም» የሚለውንም ወሬ እርሱት። ያ አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ የሚያበር ሰው ድሮኑን ለማስመዝገብ የሚታይ ቁጥር ነው። ከዩቲዩብ ሰምተን አገር ቤት አመጣነው።

ከተማችንም የራሷ ጣጣ አላት። ኤርፖርት አለን። የኢንዱስትሪ ፓርክ አለን። ከእነዚህ አካባቢ፣ ከመንግሥት ቢሮዎችና ከጸጥታ ተቋማት አጠገብ ድሮን አናስነሣም። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ፣ በጥምቀት፣ በጉዱማሌ ደግሞ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ ጨምበላላ «ሕዝቡን ከላይ ቅረጹልን» ብላችሁ የምትጠይቁን አላችሁ። ምኞታችሁ ይገባናል። እነዚህን በዓላት ከላይ ማየት ያምራል፤ ፊቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። ነገር ግን ከላይ የነገርኳችሁ «መሸሽ ይችላሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚሠራው እዚህ ነው። አንሠራውም። ሌላ ስቱዲዮ «እኔ እሠራዋለሁ» ካላችሁ፣ ፈቃዱን በወረቀት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ስለ አየሩም ትንሽ ላውራ፤ ይህ ክፍል ለእኔ ሁልጊዜ ደስ የሚል ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ አገር ጋር ሲተያይ 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፈጥኖ መሽከርከር አለበት። ፈጥኖ ሲሽከረከር ባትሪ ይበላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የበረራ ደቂቃ ለሐዋሳ አልተጻፈም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሐይቁ ነፋስ ይነሣል፤ ጀልባ የሚቀዝፉትን ጠይቁ። ድሮኑ ከነፋሱ ጋር ከሄደ ነፋሱ ገፍቶት ቶሎ ይደርሳል፤ ሲመለስ ነፋሱን እየታገለ ነው። ብዙ ድሮን ሐይቅ ውስጥ የሚቀረው እንዲህ ነው።

ከጀልባ ላይ ማስነሣትም ሌላ ወጥመድ ነው። ማሽኑ «ቤቴ» ብሎ የሚመዘግበው የተነሣበትን ነጥብ ነው። ጀልባዋ ትሄዳለች። ነጥቡ ውኃው ላይ ይቀራል። ባትሪ ሲያልቅበት ድሮኑ ታማኝ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ፣ ወደ ውኃው ይመለሳል።

ወፎቹን ደግሞ አትርሱ። አሞራ ገደል ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ዓሣ ሲበለት ዙሪያውን የሚቆሙት አባ ኮዳዎች ክንፋቸውን ሲዘረጉ ከ2 ሜትር በላይ ናቸው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቅ፣ የሞቀውን አየር ተሳፍረው ልክ ድሮን በሚበርበት ከፍታ ይዞራሉ። እኛ የሐይቁን ሥራ ጠዋት ማለዳ የምናደርገው ለብርሃኑ ብቻ አይደለም። ሙሽሪትን በ11 ሰዓት ሌሊት ሜካፕ ላይ የምናስቀምጣት ለክፋት እንዳልሆነ ዕወቁልን።

ታዲያ ሰርጉን እንዴት ነው የምንቀርጸው? ከጎን። ድሮኑ 30 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ፣ ከመጨረሻው እንግዳ ቢያንስ 30 ሜትር ወደ ጎን ይርቃል። ከፍ ባለ ቁጥር ይርቃል። ባዶ ማሳ፣ የተዘጋ ግቢ ወይም ሐይቁ ላይ ሆኖ ካሜራውን አዘንብሎ ያያል። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ከአናት ላይ የሚነሣ ምስል የድንኳን ሸራና ጥቁር ፀጉር ነው። ከጎን ሲሆን ፊት ይታያል፤ አጀቡ፣ ከበስተጀርባ ታቦር ተራራ ይታያል። ሙሽሮቹ ኤዲት የተደረገውን ሲያዩ «ከአናት ላይ የለም ወይ?» ያለን እስካሁን የለም። ግቢው ጠባብ ከሆነና የሚርቅበት ቦታ ከሌለ ግን ድሮኑ ከሻንጣ አይወጣም። ረጅም ዘንግ ላይ ካሜራ ሰቅለን እንሠራለን። አዳራሽ ውስጥም እንዲሁ፤ ጣሪያ ሥር ድሮኑ ቦታውን የሚያውቅበት ጂፒኤስ በደንብ አይሠራም።

እናንተ ልትረዱን የምትችሉባቸው ነገሮች አሉ። ቦታውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ንገሩን፤ ሄደን ሽቦውን፣ ዛፉን፣ ጎረቤቱን እናያለን። ጎረቤት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፤ የሰው ጓሮ የእናንተ ሰርግ ቪዲዮ ውስጥ መግባት የለበትም። ከቤተሰብ አንድ የሚደመጥ ሰው መድቡልን፤ ልጆቹን እሱ ይያዝልን። ርችት ካለ ሰዓቱን አሳውቁን።

አንድ የመጨረሻ ልመና አለን። ኦፕሬተራችን ድሮን አየር ላይ እያለ ጉርሻ አትስጡት። «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» እያላችሁ ጉንጩን ሞልታችሁት ያውቃላችሁ። እምቢ ካለ ትቀየሙታላችሁ፣ ከጎረሰ ዓይኑ ከስክሪኑ ይነሣል። አጠገቡ የሚቆመው ልጅም ሥራ ላይ ነው፤ የሚያየው ሰማዩን ነው። ሲያወርዱት ሁለቱም በደንብ ይበላሉ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ነፋስ፣ ዝናብ ወይም ፈቃድ አለማግኘት በረራውን ካስቀረው የድሮኑ ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ከቀብዱም አይቆረጥም። በቀድሞው ፓኬጅ «ከአናት ላይ ቀረጻ» የሚል ውል የፈረማችሁ ደንበኞች እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ስቱዲዮ ብቅ በሉ፤ ወይ ብሩን ትወስዳላችሁ፣ ወይ በምትኩ ሐይቁ ዳር የማለዳ ቀረጻ እናደርግላችኋለን። ውሉን ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የስቱዲዮው ባለቤትና ባልደረቦቹ