እርሾው በራሱ መርዝ ለምን አይሞትም?

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ኒሲን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ ነገር የሚያመርተውን የአይብ እርሾ መሸጥ ከጀመርን ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። «ባክቴሪያ የሚገድለውን ነገር የሚያመርተው ራሱ ባክቴሪያ ከሆነ፣ እንዴት ራሱን አይገድልም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም የእናንተን ሥራ በቀጥታ ይነካል።

በላቦራቶሪያችን አንድ ሰሃን ላይ ተራ የወተት ባክቴሪያ ዘርተን፣ መሃሉ ላይ ከዚህ እርሾ አንዲት ጠብታ አስቀመጥን። በማግስቱ ሰሃኑ በሙሉ ነጭ ደመና ለብሷል። ጠብታዋ ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ቀለበት አለ። እዚያ ምንም አልበቀለም። ጠብታዋ ራሷ ቀለበቱ መሃል ወፍራ ቁጭ ብላለች።

ኒሲን 34 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣት) ብቻ ያለው ትንሽ ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት ነው። የሚሠራው እርሾው ውስጥ ያለው ላክቶኮከስ ላክቲስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ የሴል ግድግዳውን ሲገነባ ጡቡን የሚያመላልስለት ሊፒድ 2 የሚባል ሞለኪውል አለ። ኒሲን እሱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ ግንባታው ይቆማል። ከዚያ 8 ኒሲኖች ከ4 ሊፒድ 2 ጋር ተሰባስበው የሴሉን ሽፋን ይበሱታል። ውስጥ ያለው ይፈስሳል፣ ሴሉ ይሞታል።

አምራቹም ያው ሊፒድ 2 አለው። ታዲያ እንዴት ይተርፋል?

መጀመሪያ ነገር፣ ኒሲን ሴሉ ውስጥ እያለ ከፊቱ ተቀጥላ አለበት። ተቀጥላው እስካልተቆረጠ ድረስ አይገድልም፤ ሰገባው ውስጥ ያለ ቢላዋ በሉት። ቆራጩ ፕሮቲን የተተከለው በሴሉ ውጭ በኩል ነው። መርዙ መርዝ የሚሆነው ከደጅ ከወጣ በኋላ ነው ማለት ነው።

ከወጣ በኋላ ግን ተመልሶ ጌታውን ሊያጠቃ ይችላል። ለዚህ ሁለት ጠባቂዎች አሉ። ኒስ-አይ የሚባለው ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ ተጣብቆ የመጣውን ኒሲን ይይዛል። ከሱ አምልጦ ሽፋኑ ውስጥ የገባውን ደግሞ ኒስ-ኤፍ-ኢ-ጂ የሚባለው ፓምፕ ወደ ውጭ ይጥለዋል። አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሙሉ ጥበቃ የሚገኘው ሁለቱ ሲተባበሩ ነው።

እኛን ዛሬም የሚደንቀን ሌላ ነው። ውጭ ያለውን ኒሲን ሴሉ ራሱ ያሸተዋል። ያኔ የማምረቻውንም የጋሻውንም ጂኖች አብሮ ያነቃል። መርዙ ሲበዛ መከላከያውም አብሮ ይበዛል።

አሁን ወደ እናንተ እንምጣ። ይህ ጋሻ የአምራቹ ነው። የተለመደው እርሾ የለውም። በቅርቡ ሁለት ደንበኞቻችን ከተለመደው እርሾ ጋር ቀላቅለውት ወተቱ አልኮመጥጥ ብሎ አስቸግሯቸዋል። የተለመደው እርሾ በኒሲኑ ተመትቶ ነው። ማሸጊያው ላይ ይህን በግልጽ አለመጻፋችን የእኛ ጥፋት ነው፤ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። አዲሱ ማሸጊያ ላይ በጉልህ ጽፈነዋል።

ስለዚህ ለብቻው ተጠቀሙበት። መቀላቀል ግድ ከሆነ ኒሲን እንደሚቋቋም የተረጋገጠ እርሾ ጠይቁን። ዕቃ ማጠብንም አታላሉ፤ እንደ ኢ ኮላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው ኒሲን ብቻውን አይደፍራቸውም።

በቅልቅሉ ምክንያት ወተት የተበላሸበት ካለ ያሳውቀን፤ እርሾውን ያለ ክፍያ እንተካለን።

አክባሪዎቻችሁ፣
የእርሾ ዝግጅት ክፍል